ሜዳውም መሙም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ቡናውን ላፈሉልን ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሥራችንን ባጭሩ ልናገር። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ታሪክ የሚይዘው መጽሐፍ ተጀምሯል። ፎቶዎችና የድሮ ትኬቶች ሰብስበናል። የተመልካች መቀመጫዎቹን፣ ካታንጋን፣ ሚስማር ተራን፣ ከማን አንሼን፣ ዳፍ ትራክን፣ ጥላ ፎቅን በየቦታቸው በንድፍ አስፍረናል። ኮርቻለሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልግባ። መጽሐፉ የኳስ ብቻ ይሁን ወይስ አትሌቲክስም ይግባበት? በዚህ ተጣላን። አኩርፈን ተለያየን።

የኳስ ወገኖች፣ ስሜታችሁ ይገባኛል። እኔም ከእናንተው ነኝ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራችን። ሁለት ጊዜ ደረስንባት። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አገባ። መንግሥቱ ወርቁ ደገመ። 4 ለ 2! አምበሉ ሉቺያኖ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያንን ቀን ማን ይረሳል? በ1960 እና በ1968 ዓ.ምም የአፍሪካ ዋንጫን አስተናግደናል።

ግን ሜዳውን ዙሪያውን የከበበው የሩጫ መሙስ? በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና እዚያው ተካሄደ። ቀነኒሳ በ5 ሺህ፣ ጥሩነሽ በ10 ሺህ አሸነፉ። በነሐሴ ደግሞ ቤጂንግ ላይ ሁለቱም በሁለቱም ርቀቶች ወርቅ ወሰዱ። ይህንን "ሌላ መጽሐፍ ይጻፉ" ብሎ ማለፍ ይቻላል? በስብሰባችን ይህ ቃል ሲወጣ አፍሬያለሁ። ዛሬም አፍራለሁ።

የአትሌቲክስ ወገኖች ደግሞ ቀራችሁ። ስልክ ደወልኩ፣ አላነሳችሁም። ትዝታችሁን በድምፅ የምንቀርጽበት ቀን ጠራን፣ አራት ሰው መጣ። ዛሬም ወንበራችሁ ባዶ ነው። ተበድላችኋል፣ አልክድም። ግን እናንተ ከቀራችሁ የመሙን ታሪክ ማን ይናገርላችኋል? እዚህ ያላችሁ ወዳጆቻቸው፣ እባካችሁ ይህን ንገሩልኝ። ደጃቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ለመጠየቅ ዝግጁ ነኝ።

የምቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም ካለ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን "የሜዳውን" ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት አየን። ያማል። እድሳቱን እደግፋለሁ፣ ከልቤ። ግን አሮጌው ወንበር ሲነሳ፣ እዚያ ላይ ተቀምጦ ያየውን የሚነግረን ሰው አብሮ ይጠፋል። አንዳንዶቹን ዘንድሮ ቀብረናል። ድምፃቸውን ሳንቀዳ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ የናንተም ነው።

የገንዘቡ ነገርም አለ። የዓመት መዋጮ ያልከፈላችሁ ብዙ ናችሁ። የድምፅ መቅረጫውን ከጎረቤት እየተዋስን ነው የምንሠራው።

ስለዚህ ዛሬ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። መጽሐፉ ሜዳውንም መሙንም እንዲይዝ ድምፅ ስጡ። ከዚያ ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት መቅረጫው ፊት ተቀመጡ። በ54ቱ ፍፃሜ ስታዲየም ውስጥ የነበራችሁ ሁለት አባቶች እዚህ አላችሁ። ከናንተ እንጀምራለን።