ጸሀይ ብሎ የጻፈው ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አመሻችሁ?

ብዙዎቻችን እንተዋወቃለን። አብረን ፍላሽ ስንገለብጥ ያመሸን፣ በአቧራ መንገድ ኮምፒውተር አቅፈን የተጓዝን ሰዎች ነን። ስለዚህ ኪዊክስ ምን እንደሆነ ላስረዳ ብል ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ለአዲሶቹ ብቻ በአጭሩ፦ ዊኪፔዲያን የሚያህል ነገር በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል።

እኔ ነገሩን ከልቤ የያዝኩት ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ኢንተርኔት ጠፋ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ እንደጠፋ ቆየ። ያኔ አንድ ነገር ማጣራት ስፈልግ የምከፍተው ላፕቶፔ ላይ የነበረውን ያንን ፋይል ነበር። ታስታውሳላችሁ፣ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚያው ናችሁ።

አዘጋጆቹ ኪዊክስን ስለ ማሻሻልና ስለ ማስተዋወቅ ተናገር ብለውኛል። ከማሻሻሉ ልጀምር። ምናልባት እዚያው ላይ እቆይ ይሆናል፤ ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ሄድን። ስሙ ይቅር። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰባት ኮምፒውተር አለ፣ የሚሠሩት አራት ናቸው። ኢንተርኔት የለም። ጠዋት እንደደረስን የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አጭሩ ፋይል ፍላሹ ላይ አልገለበጥ አለ። ፍላሹ 32 ጊጋባይት ነው፣ ባዶ ነው፣ ግን አልቀበልም ይላል። ለካ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ዘዴ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት በሚባለው ሌላ ዘዴ ፎርማት ስናደርገው ገባ። ይህን እስክንደርስበት ግን ግማሽ ቀን ሄደ። መመሪያችን ላይ አንድ መስመር ቢኖር አምስት ደቂቃ ነበር። ይህን መስመር ዛሬ ማታ ጨምሩልኝ።

ከሰዓት ልጆቹ ገቡ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ መጥቶ ተቀመጠ። የአማርኛውን ዊኪፔዲያ ከፈትኩለትና የፈለግከውን ጻፍ አልኩት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ በአንድ ጣቱ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ እያንዳንዱን ፊደል ኪቦርዱ ላይ እየፈለገ "ጸሀይ" ብሎ ጻፈ። ምንም አልመጣም። አጥፍቶ እንደገና ጻፈው። አሁንም የለም። ዞር ብሎ አየኝና "ቲቸር፣ ስለ ጸሀይ የለውም እንዴ?" አለኝ።

አለው። 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ካለበት መሃል እሱም አለ። የተቀመጠው ግን "ፀሐይ" ተብሎ ነው፤ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ። አስተካክዬ ስጽፍለት ወጣ። ልጁ ግን ደስ አላለውም። አንገቱን ደፋ። "ፊደል አልችልም" አለና ወንበሩን ለጓደኛው ለቀቀ።

እኔ ያንን ወንበር እስከዛሬ አልረሳሁትም።

እስኪ አብረን እንቁጠር። ጸ ሁለት ነው፤ ጸሎቱና ፀሐዩ። ሀ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ስድስት። ሁለት ጊዜ ስድስት 12። አንዲት ቃል በ12 መንገድ ትጻፋለች፣ ስትነበብ ያው አንድ ናት። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያለው ሌላ ፊደል ነው። ካልነገሩት አያውቅም። ስዊዘርላንድ ያሉት የኪዊክስ ሰዎች ስለ ንጉሡ ሠና ስለ እሳቱ ሰ ከየት ያውቃሉ? የምንነግራቸው እኛ ነን። ኮዱ ክፍት ነው። የሚያስፈልገው ፋይሉ ሲዘጋጅም፣ ሰው ቃል ሲፈልግም፣ ተመሳሳይ ድምፆችን ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ አጭር ሠንጠረዥ ነው።

እኛ ግን ምን ስናደርግ ከረምን? በየስብሰባው ስለ መልኩ ተከራከርን። የራሳችን አፕ ይሠራ ተባለ። ገንዘብ ይፈለግ ተባለ። ስለ ቀለሙ ሁለት ሰዓት ያወራንበትን ቀን አስታውሳለሁ። አንድም ቀን፣ አንድም ቀን፣ ልጁ የጻፈውን ቃል ያገኘዋል ወይ ብለን አልጠየቅንም! እኔም አልጠየቅኩም። ልጁ አላጠፋም! በገዛ ቋንቋው ጻፈ፣ እንደሰማው ጻፈ። የልጁን አጻጻፍ መማር ያለበት ማሽኑ ነው!

የፊደሉ ትርጉም ይጠፋል የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሐሳባችሁን አከብራለሁ። ጽሑፉ በትክክለኛው ፊደል ይቀመጥ፣ አንድም ፊደል አይነካ። ልጁ ገብቶ ሲያነብ "ፀሐይ"ን በትክክለኛው አጻጻፍ ያያታል፣ የሚማረውም ያኔ ነው። በሩ ላይ ግን አታስቁሙት።

ስለ ማስተዋወቁ አላበዛም። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው የተሠራን ነገር ቴሌግራም ላይ ብቻ እያስተዋወቅን ነው፤ ለማን ብለን? በየከተማው ሜሞሪና ፍላሽ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ሱቆች አሉ። ሰው እዚያ መሄድ ለምዷል። ፋይሉን ለእነሱ እንስጣቸው፤ የመጫኛቸውን ያስከፍሉ፣ የዊኪፔዲያ ፈቃድ ይህን አይከለክልም። በየትምህርት ቤቱ ደግሞ ሚኒ ሚዲያ አለ። በሰልፍ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይበቃናል።

ፋይሉ ራሱን እንደማያድስም አትርሱ። ስሙ ጫፍ ላይ ዓመትና ወር ተጽፏል፤ እሱን እያያችሁ በአዲሱ ተኩት። የኪዊክስን የአማርኛ ትርጉም የጀመራችሁም ጨርሱልን።

አሁን ወረቀት እየዞረ ነው። በተለያየ ፊደል ሲጻፍ ያያችሁትን ቃል ሁሉ ጻፉበት፣ ቅዳሜ ሠንጠረዡን በእነሱ እንፈትነዋለን። ኮድ የምትጽፉ ደግሞ ስንጨርስ በሩ አጠገብ ጠብቁኝ። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቼዋለሁ። "ጸሀይ" ይላል፣ ልጁ እንደጻፈው።

አመሰግናለሁ።