የሳምንቱ ቃል ስንቱ ተፈጸመ?

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ መሐንዲሶች፣ ፎርማኖችና ካቦዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ አንድ ቁጥር ላወራችሁ ነው የመጣሁት። በየወሩ ለአሠሪው የምንልከውን የሥራ አፈጻጸም በመቶኛ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሪፖርቱ "60 በመቶ" ይላል። ሳይት ላይ ግን ለሳኙ ግንበኛውን ይጠብቃል፤ ግንበኛው ብሎኬት ይጠብቃል። ሪፖርቱ አልዋሸም። የሚሰላው በተሠራው ሥራ ዋጋ ስለሆነ፣ ብረትና አርማታ ቶሎ ከፍ ያደርጉታል። ሥራው ይፈሳል ወይስ ይቆራረጣል? እሱን አይነግረንም።

ሊን ኮንስትራክሽን፣ ማለትም ብክነትን ቀንሶ ሥራው ሳይቆራረጥ እንዲፈስ የሚያደርግ የግንባታ አሠራር፣ ይህን ጥያቄ ይዞ ነው የተነሣው። ፊንላንዳዊው ላውሪ ኮስኬላ እ.ኤ.አ. በ1992 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ጥናት፣ ቶዮታን የመሰሉ ፋብሪካዎች ያዳበሩትን የአመራረት አስተሳሰብ ለግንባታ አቀረበው። የግንባታ አመራር ተመራማሪዎቹ ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃውል ደግሞ በየሳይቱ አንድ ቀላል ነገር ቆጠሩ፤ በዚህ ሳምንት ይሠራል ከተባለው ስንቱ አለቀ? በአማካይ 54 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ያህሉ ቃል ሳይፈጸም ይቀር ነበር ማለት ነው።

አቆጣጠሩ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ካቦዎቹ ራሳቸው "ይሄን እስከ ቅዳሜ እጨርሳለሁ" ያሉት ይጻፋል። እንበል 20 ሥራ ተጻፈ፤ ቅዳሜ 13ቱ አልቀዋል። 65 በመቶ። በቃ።

ግማሽ ነጥብ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይከራከረኛል፤ "ትንሽ የቀረው ሥራ እንዴት ዜሮ ይሆናል?" ይለኛል። ሶሌታውን፣ የፎቁን ወለል፣ አስቡት። ፌራዮው ብረቱን አስሮ ጨርሷል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግን ሁለት መስመር ቱቦ ቀርቶታል። አርማታ ይሞላል? አይሞላም። ሚክሰሩ ቆሟል፣ የቀን ሠራተኛው ተቀምጧል፣ የቀኑ ሒሳብ ግን ይቆጠራል። ቀጥሎ ለሚገባው ሙያተኛ "ሊያልቅ ነው" ማለት ያው አላለቀም ማለት ነው።

ከ13ቱ ይልቅ ያላለቁት 7ቱ ብዙ ያስተምሩናል። ከእያንዳንዳቸው ጎን ምክንያቱ ይጻፍ፤ ሲሚንቶ አልደረሰም፣ ሥዕሉ አልጸደቀም፣ ቀዳሚው ሥራ አላለቀም፣ ዝናብ። ከዚያ "ለምን?" እያልን እንውረድ። ሲሚንቶ ለምን አልደረሰም? ግዢ ዘግይቶ ተጠየቀ። ለምን? ቀጣዮቹን ሳምንታት አስቀድሞ የሚያይ ሰው አልነበረም። ስለዚህ መፍትሔው የስድስት ሳምንት ቅድመ እይታ ነው፤ ግንበኛው ላይ መጮህ ምንም አያመጣም። ሁለት ወር ሲጠራቀም ደግሞ የሥዕል መዘግየት ስንት ሥራ እንዳስቆመ ለአማካሪው በቁጥር እናሳየዋለን።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። በዚህ ቁጥር ሰው አትቅጡ። ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ካቦው ከተሰደበ፣ በሚቀጥለው ሰኞ የሚገባው ቃል ትንሽና ቀላል ይሆናል። ቁጥሩ 95 በመቶ ይደርሳል፤ ሕንፃው ግን ካለበት ፈቀቅ አይልም። መረጃችን የሚበላሸው ያኔ ነው። ለዚህም ነው ቁጥሩን ብቻውን የማላምነው። ቃል የተገባው ሥራ መርሐ ግብሩ የሚፈልገው መሆኑንም አብረን እንይ። በአንድ ሳምንት ውጤትም አንደንግጥ፤ መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ጥቂት ሳምንታት ያስፈልጋሉ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። በመጪው ሰኞ እያንዳንዳችሁ በሳይት ቢሯችሁ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ። ሥራው፣ ቃል የገባው፣ አለቀ ወይስ አላለቀም፣ ለምን። አራት ዓምድ ብቻ። ቅዳሜ ከሰዓት ካቦዎቹን ሰብስባችሁ አብራችሁ ሙሉት።

አመሰግናለሁ።