ድምፁ ገና እየመጣ ነበር

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የደብዳቤዎቹን ጉዳይ ልጨርስላችሁ ቃል ገብቼ ነበር፤ እሱ ይቆየን። ከትናንት ወዲያ ማታ ኩኩ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝና ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሌላ ነገር አልያዘም።

የሮኬቱን ቀን ስንት ጊዜ እንደተረኩላችሁ ታውቃላችሁ። ወንዙን፣ እኚያን ሴት፣ ቀይዋን ወንበር። ስለ ቀይዋ ወንበር በየጊዜው የምትጠይቁኝ አላችሁ፤ ደህና ናት፣ አሁንም ተቀምጬባታለሁ። ታዲያ ነገሩ እኔ እንደተረኩት እንዳልነበረ አሁን አወቅሁ። አልዋሸኋችሁም። እንደዚያ ነበር የማስታውሰው። ማሉ ብትሉኝ እምል ነበር።

ቪዲዮው ከአራት ደቂቃ ጥቂት ያልፋል። ስልኩ የእኔ ነበር፤ የያዘችው ግን ኩኩ ናት፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጠፍቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለካ የዚያኑ ዕለት ለእናቷ ልካላት ኖሮ እዚያ ተቀምጦ ኖሯል።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እላችኋለሁ። ሜይ 30 ቀን 2020፣ ቅዳሜ። ጠፈርተኞቹ ቦብ ቤንከንና ዳግ ሃርሊ። ከ2011 ወዲህ ከአሜሪካ ምድር ሰው ይዞ ወደ ምህዋር የተነሳ የመጀመሪያው ሮኬት፣ ፋልከን 9። ሃርሊ ራሱ በ2011 በመጨረሻው የስፔስ ሸትል (የናሳ ተመላላሽ መንኮራኩር) በረራ ላይ ነበር፤ በሩን ዘግቶ የወጣው ሰው ተመልሶ ሲከፍተው ማለት ነው። ማስወንጨፊያው 39ኤ ነው፤ ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያደረሰው አፖሎ 11ም የተነሳው ከዚያው ነው። እኛ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ታይተስቪል ከተማ፣ ኢንዲያን ሪቨር ዳር፣ ከውሃው ማዶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ቆመናል። በወረርሽኙ ምክንያት ከቤታችሁ ሆናችሁ ተመልከቱ ተብሎ ነበር። ሰዉ ግን መጥቷል፤ እኛም መጥተናል።

ከዚያ በፊት ረቡዕ ዕለትም ሄደን ነበር። ሊነሳ 17 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲቀረው በአየሩ ጠባይ የተነሳ ተሰረዘ። ያኔ ከዳር እስከ ዳር የተሰማው ትንፋሽ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቅሬታ ብቻ አልነበረም። እፎይታም ነበረበት። የዚህ ሮኬት ነዳጅ የሚሞላው ጠፈርተኞቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ ሊነሳ 35 ደቂቃ ሲቀረው ይጀመራል። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ሁለቱ ሰዎች ነዳጅ እየጠጣ ባለ ሮኬት ጫፍ ላይ ነበሩ። የሁለቱም ሚስቶች ጠፈርተኞች ነበሩ፣ ሁለቱም አንድ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። «ዛሬ አይሆንም» ሲባል እነዚያ ልጆች ዛሬን አደሩ ማለት ነው። ይህን በአፉ ያለ ሰው አልሰማሁም። ትንፋሹ ውስጥ ግን ነበር፤ ወይም እኔ ዛሬ እየጨመርኩበት ይሆናል። አያችሁ፣ አሁን ራሴን ማመን አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሁለት።

እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው። በስተግራዬ እኚያ ሴት አሉ፤ ጉልበታቸው ላይ ትንሽ ሬዲዮ አስቀምጠዋል። ኩኩ የእሳቸው ቀይ ወንበር ላይ ቆማለች፤ እሳቸው ሌላ አጭር ወንበር ነበራቸው። ከአድማስ ላይ ብርሃን ወጣ። ድምፅ የለም። ሮኬቱ ቀጥ ብሎ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ይወጣል። ሰዉ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ እልልታ የሚመስል ጩኸት ተነሳ። እኔ አላጨበጨብኩም። ለምን? እኚያ ሴት አስቀድመው ስለ 1986ቱ የቻሌንጀር አደጋ ነግረውኛልና። እጅጌዬን ይዘው «ገና ነው» አሉኝ፤ እኔም በአክብሮት ዝም ብዬ፣ የሮኬቱ የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ደቂቃ ተኩል ላይ ተላቆ እስኪወድቅ ጠበቅሁ። ከዚያም በኋላ ምህዋር መግባታቸው በሬዲዮ እስኪነገር ድረስ ከእሳቸው ጋር ቆምኩ። የተረኩላችሁ ይህንን ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ ጥሩ ሰው ነበርኩ።

ቪዲዮው ላይ ያለው ይህ ነው። ብርሃኑ ይወጣል። አምስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ አንድ ሰው «ሂድ! ሂድ! እሰይ!» እያለ ይጮኻል። በአማርኛ። እዚያ ወንዝ ዳር በአማርኛ የሚጮኽ ሌላ ሰው አልነበረም። ያጨበጭባልም፤ ማይክሮፎኑ እስኪሰነጠቅ ያጨበጭባል። ከሥር የሴትየዋ ድምፅ በእንግሊዝኛ «ገና ነው፣ ልጄ» ይላል። ጭብጨባው አያቆምም። «ገና ነው» ይላሉ እንደገና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራሳቸው በሚመስል። አያቆምም። ከዚያ፣ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ሲል፣ የሮኬቱ ድምፅ ይደርሳል፤ ያ ደረት የሚመታው ጉርምርምታ። ስልኩ ይንቀጠቀጣል ወይም የኩኩ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ከድምፁ በላይ እጮኻለሁ።

ትናንት ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

የእሳቸውን ታሪክ ለአዲሶቹ ባጭሩ ልንገር። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ጠዋት እዚያው ወንዝ ዳር ነበሩ። ብርድ ነበር። ቻሌንጀር የተባለው ስፔስ ሸትል ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ፣ መምህርት። በየትምህርት ቤቱ ልጆች በቴሌቪዥን ያዩ ነበር። 73ኛው ሰከንድ ላይ መንኮራኩሩ ፈረሰ፣ ጭሱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ሰባቱም አልተረፉም። በጎንና በጎን ያሉት ሁለቱ ሮኬቶች በየራሳቸው መንገድ መብረራቸውን ቀጠሉ። እነዚያ ሮኬቶች ሁለት ደቂቃ ገደማ ላይ እንደሚላቀቁ ሰዉ ያውቅ ስለነበር፣ የታሰበው ነገር የሆነ መሰላቸው። «አጨበጨብኩ» አሉኝ። «ድምፁ ገና እየመጣ ነበር።»

ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 20 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ደቂቃ። ስለዚህ እሳቸው በቆሙበት ቦታ፣ ሰማይ ላይ ሁሉም ነገር ሲያበቃ፣ ከመሬት የተነሳበት ድምፅ በውሃው ላይ መድረስ ከጀመረ ገና ጥቂት ሰከንዶች ነበሩ። ዓይናቸው መጨረሻውን እያየ ጆሯቸው መጀመሪያውን ይሰማ ነበር። ከዚያም ድምፁ እየጨመረ፣ ደህና የሆነ ሮኬት ድምፅ እየሆነ፣ ይመጣ ነበር። ይህን በሒሳብ ካሰላሁት በኋላ ለረጅም ጊዜ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ጋጋሪን በ1961 ሲነሳ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሕዝቡ በሬዲዮ የሰማው ከተነሳ በኋላ ነው።  ሲነሳ ቆሞ ያለጊዜው ያጨበጨበ ሕዝብ አልነበረም። ግን ደግሞ በዚያች ሰዓት አብሮት የፈራ ሕዝብ አልነበረም። የቱ ይሻላል? አላውቅም፤ ሁለቱንም ተመኘሁ።

ሌላም ሰው ትዝ ይለኛል። ቄስ ራልፍ አበርናቲ፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ የትግል ጓድ። አፖሎ 11 ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጁላይ 15 ቀን 1969፣ ድሆች ቤተሰቦችንና በቅሎዎችን ይዞ ሮኬቱ ወደሚነሳበት ወደ ኬፕ ሄደ። የተራበ ሰው እያለ ይህን ያህል ገንዘብ ለጨረቃ ብሎ ሊቃወም ነው የሄደው። የናሳ ኃላፊ ቶማስ ፔይን ወጥቶ አነጋገረው፤ በመጨረሻም ለጠፈርተኞቹ እንዲጸልይ ለመነው። አበርናቲም እሺ አለ። ተቃውሞውን አልተወም፣ ጸሎቱንም አልከለከለም። እኔ ከዚያ ሁሉ የአፖሎ ታሪክ የምወደው ይህን ነው፤ ከጨረቃው ይልቅ ይህን። ያን ቀን ወንዝ ዳር እንደዚያ መቆም ነበር የፈለግሁት፣ እንደዚያ የቆምኩም መስሎኝ ነበር።

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። እስካሁን ያላልኳችሁ ነገር አለ።

ሁለት ደቂቃ ተኩል ላይ የመጀመሪያው ክፍል ይላቀቃል። ሰዉ እንደገና ያጨበጭባል። ከዚያ ወንበሮች ሲታጠፉ ይሰማል። የመኪና በር ይዘጋል። ሮኬቱ ነጥብ ሆኗልና ሰዉ ከትራፊኩ ቀድሞ መውጣት ይፈልጋል፤ አልፈርድባቸውም። ኩኩ ትጠይቃለች፦ «ጋሼ፣ ሰዎቹ ደረሱ?»

የእኔ ድምፅ፦ «አዎ፣ ደረሱ።»

አልደረሱም። ምህዋር የገቡት ዘጠኝ ደቂቃ ሊሞላ ሲል ነው። እኔ «ደረሱ» ስል ገና ስድስት ደቂቃ ይቀራል፤ ገና የሁለተኛው ክፍል ሞተር እየነደደ ነው፤ ልጆቻቸው ገና ቆመው ያያሉ። ይህንን ደግሞ አውቅ ነበር። የበረራውን ሰዓት አጥንቼ ነው የሄድኩት፤ ለኩኩ በመኪና ውስጥ አስረድቻት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኚያ ሴት ታሪካቸውን የነገሩኝ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቪዲዮው የሚጀምረው ሊነሳ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ነው፤ አይነግረኝም። በኋላ ከሆነ፣ ሳላውቅ የጮኽኩ ሰው ነኝ፤ ዝምታውን በኋላ ራሴ ፈጠርኩት። በፊት ከሆነ ግን፣ ሰምቼ፣ እጅጌዬ ተይዞ፣ «ገና ነው» እየተባልኩ ጮኽኩ። ኩኩን ጠየቅኋት። «እኔ እሳቱን ነበር የማየው» ብላ ጻፈችልኝ። እሳቸውን የት ብዬ ልጠይቃቸው? ወንበሯን ለኩኩ ሰጥተዋት ሄዱ፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ወይስ ነግረውኝ ነበር...

ምናልባት ደስታ እንዲህ ነው፣ አስቀድሞ የሚመጣ... አይ፣ ይህን ልተወው። ራሴን ለማጽናናት ነው የምለው።

የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች። ኩኩ እጇ ደክሟት ስልኩን ዝቅ ታደርገዋለች። ሣር ይታያል፣ የቀይዋ ወንበር እግር ይታያል። የሚሄዱ እግሮች ያልፋሉ። ከሬዲዮው የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ ድምፅ ይሰማል። የሴትየዋ ነጭ ጫማ አለ፤ አይንቀሳቀስም። ከጎኑ አንድ የወንድ ጫማ አለ፣ እሱም አይንቀሳቀስም፣ እስከሚቋረጥ ድረስ። ቡናማ ነው። አሥር ጊዜ አቁሜ አየሁት።

ቡናማ ጫማ ነበረኝ እንዴ? እህቴን ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ እሷ ታስታውስ ይሆናል፤ ሰማያዊ ነበር ብትለኝስ ብዬ ግን ስልኩን...