ለማሽኑ ልክ የምትሰጠው ዶቃ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል የማነሣው ላለፉት አምስት ሳምንታት ሐሳቤን ይዞት የከረመውን አንድ በጣም ትንሽ ነገር ነው። የምሠራው አሜሪካ ውስጥ በሚገኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሲሆን፣ ሥራዬ ሴል ሶርተር የሚባለውን መሣሪያ ማንቀሳቀስና ልኩን መጠበቅ ነው። ይህ መሣሪያ በፈሳሽ ውስጥ ተበትነው ከሚያልፉ ሚሊዮኖች ህዋሳት መካከል የተፈለጉትን አንድ በአንድ እየለየ በየቱቦው ያስቀምጣል። በየማለዳው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግን የሚፈተንባት ዶቃ አለችው። ዶቃ ስል እናቶቻችን በክር ሰክተው አንገታቸው ላይ የሚያደርጉትን ማለቴ አይደለም። ይህችኛዋ ቀዳዳ የላትም፣ በዓይንም አትታይም፤ ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራች፣ ስፋቷ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚደርስ፣ መጠኗ ከደም ህዋሳት ብዙም የማይርቅ ድቡልቡል ቅንጣት ናት። ፍሎረሰንት ቀለም ስለያዘች ሌዘር ሲያርፍባት ታበራለች። በሥራ ቦታችን «ቢድ» እንላታለን፤ እኔ ግን ለራሴ ሳስባት ሁልጊዜ ዶቃ ነው የምላት።

ለዓመታት የተጠቀምንበትን የዶቃ ዓይነት ያቀርብልን የነበረው ድርጅት ማምረቱን አቆመ፤ በእጃችን የቀረው አንድ የተጋመሰ ጠርሙስ ብቻ ሆነ። በዚህ ምክንያት ምትኩን መፈለግ ጀመርኩ። ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ይህ ያለቀ ዕቃ እንደ መግዛት ቀላል ሊመስለው ይችላል። ችግሩ መሣሪያው በራሱ ምንም የሚያውቀው ነገር አለመኖሩ ነው። የሚያደርገው የመጣለትን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩንም ወደ ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው። ማያው ላይ 12,000 የሚል ቁጥር ቢወጣ፣ ቁጥሩ ብቻውን ስለ ህዋሱ የሚነግረን የለም፤ የብርሃን መቀበያውን ቮልቴጅ ከፍ ባደርገው ያው ህዋስ 20,000 ሊሆን ይችላል። ሌዘሩ ሲያረጅ፣ የፈሳሹ መስመር አረፋ ሲይዝ፣ የመነጽሩ አቅጣጫ በጥቂቱ ሲዛነፍ ቁጥሩም አብሮ ይዛነፋል። በገጠር ገበያ እህል የሚሰፈርበት ቁና ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው መጠኑ ስለሚለያይ፣ ብልህ ገዢ ስንት ቁና እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ቁናውን ያያል። እኛም ቁናችንን የምናየው በዶቃዋ ነው። ትናንት ያበራችውን ያህል ዛሬም ታበራለች ብለን ስለምናምናት፣ ቁጥሩ ሲለወጥ የተለወጠው መሣሪያው እንደሆነ እናውቃለን።

ስለዚህ ፍለጋዬ የተጀመረው ከጥያቄዎች ነው። መሣሪያችን ባለ 405 (ሐምራዊ)፣ ባለ 488 (ሰማያዊ) እና ባለ 640 (ቀይ) ናኖሜትር ሦስት ሌዘሮች አሉት። በሰማያዊው ሌዘር ደምቃ የምትታይ ዶቃ በቀዩ ፊት ጨለማ ልትሆን ስለምትችል፣ የምፈልጋት ዶቃ በሦስቱም የምትበራ መሆን አለባት። ብርሃኗም አንድ ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ ምንም ቀለም ካልያዘችው ጀምሮ እስከ ደማቋ ድረስ በስድስት ወይም በስምንት ደረጃ የተቀመመች ብትሆን ይመረጣል። ከሁሉም ይልቅ የማያቸው ደብዛዛዎቹን ነው፤ መሣሪያው ትንሽ ብርሃን ካለው ነገርና ምንም ከሌለው ነገር መካከል ያለውን ልዩነት ማየት መቻሉን የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ብዙ ያሰበኝ ቀለሙ ከዶቃዋ ውስጥ ነው ወይስ ከላይዋ የሚለው ጉዳይ ነበር። ውስጧ የተነከረችው ዶቃ ጽኑ ናት፤ ከብርሃንና ከሙቀት ከተጠበቀች ለብዙ ወራት ያው ሆና ትቆያለች፣ ለዕለት ተዕለት ክትትልም እርሷን የሚተካ የለም። ሆኖም የቀለሟ ኅብር፣ ማለትም የምትሰጠው ብርሃን ቅይጥ፣ በህዋሳቱ ላይ ከምንለጥፈው ፍሎረሲን ከተባለው አብሪ ቀለም ጋር አንድ አይደለም፤ በዚህም የተነሣ በአንድ የብርሃን ማጣሪያ የተነበበላትን ዋጋ የተለየ ማጣሪያ ወዳለው መሣሪያ ወስዶ «እነሆ ይህን ያህል ሞለኪውል» ማለት ስሕተት ነው። ይህ ስሕተት ሲሠራ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፣ ባየሁትም ቁጥር ያሳዝነኛል። ላይዋ በፍሎረሲን የተለበጠችው ደግሞ የህዋሱን ኅብር ትመስላለች፣ የፍሎረሲን መጠንም በሞለኪውል ተቆጥሮ ይጻፍላታል፤ ነገር ግን በብርሃን ትደበዝዛለች፣ የምትንሳፈፍበት ፈሳሽ አሲድነት ሲለወጥም ድምቀቷ ይለወጣል። ሁለቱን ዓይነቶች በአንድ ጠርሙስ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። የየራሳቸው ሥራ ስላላቸው ሁለቱንም መግዛት አለበት።

ይህን ያህል የምጠነቀቀው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ከዶቃዎች ጋር የተዋወቅሁት በኢትዮጵያ፣ በአንድ የክልል ሆስፒታል፣ ሲዲ ፎር የተባሉትን በሽታ ተከላካይ የነጭ ደም ህዋሳት በሚቆጥር ክፍል ውስጥ ነበር። የጸረ ኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ሌላ ከባድ ምልክት የሌለበት ታካሚ መድኃኒት ለመጀመር በአንድ ማይክሮሊትር ደሙ ውስጥ ያሉት ሲዲ ፎር ህዋሳት ከ200 በታች መሆናቸው ይታይ ነበር። እኛ የምንሠራበት ፋክስካውንት የተባለው ማሽን ደሙን በቀጥታ አይሰፍርም። የሪኤጀንቱ፣ ማለትም የመመርመሪያው ኬሚካል፣ ቱቦ ቁጥራቸው የታወቀ ዶቃዎችን ይዞ ይመጣል፤ እኛ 50 ማይክሮሊትር ደም እንጨምርበታለን፤ ማሽኑም ህዋሳቱንና ዶቃዎቹን ጎን ለጎን ቆጥሮ በንጽጽር የህዋሱን ብዛት ያወጣል። የታካሚው ውጤት፣ እንግዲህ፣ በዶቃዎቹ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

አንድ ጠዋት የመካከለኛው መቆጣጠሪያ፣ ማለትም መልሱ አስቀድሞ የሚታወቀው መፈተኛ፣ ውጤት ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ ወጣ። ደገምኩት፣ ያው ሆነ። ቱቦዎቹን ያስቀመጥኩት እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ብዙ ዕቃ ስለገባ ቦታ ለማግኘት ወደ ፍሪጁ ውስጠኛ ግድግዳ፣ በረዶ ወደሚጋገርበት ወገን ገፍቼ ደርድሬያቸው ነበር። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ሪኤጀንት በረዶ ነክቶታል። ከአንዱ ቱቦ ጠብታ ወስጄ በማይክሮስኮፕ ሳይ፣ ለየብቻቸው መንሳፈፍ የነበረባቸው ዶቃዎች ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንድ ቦታም ስድስት እየሆኑ እንደ ወይን ዘለላ ተጣብቀዋል። የተጣበቁትን ማሽኑ እንደ አንድ ዶቃ አይቀበላቸውም፤ ከቁጥር ውጭ ያደርጋቸዋል።

እዚያው በወረቀት ላይ ያሰላሁትን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ለእያንዳንዱ ማይክሮሊትር ደም 1000 ዶቃ የሚደርስ ቢሆንና ማሽኑ 1000 ዶቃና 180 ሲዲ ፎር ህዋስ ቢቆጥር፣ የታካሚው ውጤት 180 ነው። ከዶቃዎቹ 150ዎቹ ተጣብቀው ቢጠፉ፣ ማሽኑ 850 ዶቃና ያንኑ 180 ህዋስ ይቆጥርና 212 ብሎ ያትማል። ወረቀቱ ጥርት ያለ ነው፣ ቁጥሩም የሚያጠራጥር አይመስልም። መድኃኒት ሊጀምር የሚገባው ሰው ግን ከስድስት ወር በኋላ እንዲመለስ ተነግሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዶቃ መጥፋት ሰውን ጤነኛ ያስመስለዋል፤ የሚያስፈራኝም ስሕተቱ ወደዚህ አቅጣጫ መሄዱ ነው።

በዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁ ከነበሩት መካከል ሕፃን ያዘለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠች ወጣት ነበረች። ገና ሳይነጋ ከቤቷ እንደወጣች ነገረችኝ። «እኅቴ፣ ዛሬ ልንሠራልሽ አንችልም፤ ዕቃው ተበላሽቶብናል» ስላት አልተቆጣችም። ያለችው «ይሁን፣ መቼ ልምጣ?» ብቻ ነው። አዲስ ሪኤጀንት እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣች፤ ውጤቷም ከ200 በታች ነበር፤ መድኃኒትም ጀመረች። በተበላሹት ቱቦዎች ተሠርቶላት ቢሆን ኖሮ ምን ተብሎ ይነገራት እንደነበር ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

ይህ ጉዳይ ከአንድ ሆስፒታል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ የተካሄደው የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ጥናት፣ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከኔዘርላንድስ ሰዎች ያነሰ የሲዲ ፎር መጠን እንዳላቸው አሳይቷል፤ ወደ እስራኤል በገቡ ወገኖቻችን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር አግኝተው ከአንጀት ጥገኛ ትላትል ጋር አያይዘውታል። እንዲህ ያለ ንጽጽር ዋጋ የሚኖረው ልዩነቱ ከሰው ደም እንጂ ከመሣሪያዎቹ እንዳልመጣ ማሳየት ሲቻል ነው፤ ይህንንም የሚያሳየው ሁለቱንም ወገን በአንድ ልክ የሚለካ ነገር ነው።

እኩል ዶቃ መሥራት ራሱ የሰው ልጅን ብዙ አድክሟል። ማክ ፉልዋይለር በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ህዋሳትን በኤሌክትሪክ በተሞሉ ጠብታዎች የሚለየውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያሳውቅ፣ የጠብታውን ጥበብ የወሰደው ሪቻርድ ስዊት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከሠራው የጽሕፈት ቀለም መርጫ ነበር፤ ኋላም ሊዮናርድ ሄርዘንበርግና ባልደረቦቹ እዚያው ስታንፎርድ በፍሎረሰንት ብርሃን የሚለይ አደረጉት። ዶቃዎቹን በተመለከተ፣ ቅንጣቶቹ እያደጉ ሲሄዱ በመሬት ስበት ምክንያት ወይ ስለሚዘቅጡ ወይ ስለሚንሳፈፉ ትልልቅና እኩል የሆኑትን ማግኘት ከባድ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1982 የመሥሪያ ዕቃው በስፔስ ሸትል ተጭኖ ወደ ጠፈር ወጣ፤ በዚያ የተሠሩት ባለ 10 ማይክሮሜትር ዶቃዎችም እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ በኩል ለላቦራቶሪዎች ተሸጡ። ኖርዌያዊው ጆን ኡገልስታድ ደግሞ በትሮንዳይም እዚሁ መሬት ላይ ሆኖ እኩል ዶቃ የሚሠራበትን ዘዴ አግኝቶ ነበር። ጠርሙሱን አንሥቼ ስነቀንቀው ይህ ሁሉ ድካም ትዝ ይለኛል።

ወደ ፍለጋዬ ልመለስ። ሴል ሶርተር ለብርሃን ልክ ከምትሆነው ዶቃ ሌላ፣ ለጊዜ ልክ የምትሆን ዶቃም ያስፈልገዋል። ፈሳሹ 70 ወይም 100 ማይክሮሜትር ስፋት ካላት ቀዳዳ እየወጣ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ወደሚቆጠሩ ጠብታዎች ይሰበራል። ህዋሱ ሌዘሩን ካለፈ በኋላ ጠብታው እስከሚቆረጥበት ቦታ ድረስ የሚጓዝበት አጭር ጊዜ አለ፤ ጠብታዋን ሞልቶ ወደ ቱቦዋ እንድትዞር የሚያደርጋት ኤሌክትሪክ መላክ ያለበት ልክ የእርሱ ጠብታ በምትለይበት ቅጽበት ነው። ቀደም ካለ ወይም ከዘገየ፣ የሚሞላው ባዶ ጠብታ ይሆንና የምንፈልገው ህዋስ ወደ ፍሳሽ ይወርዳል። አዲሶቹ መሣሪያዎች ይህን በካሜራ ያስተካክላሉ። እኔ ግን አሁንም በወር አንድ ጊዜ በአሮጌው መንገድ አረጋግጣለሁ፦ በመስተዋት ስላይድ ላይ በተርታ ትንንሽ እርጥብ ነጥቦች አስቀምጣለሁ፤ ለእያንዳንዷ ነጥብ የማዘግያውን ጊዜ በጥቂቱ እየለወጥኩ ሃያ ሃያ ዶቃ እንዲጥል አዘዋለሁ። ከዚያ በፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ እቆጥራለሁ። በመጀመሪያዋ ነጥብ ምንም የለም፣ በሁለተኛዋ ሦስት፣ በሦስተኛዋ አሥራ አራት፣ በአራተኛዋ ሃያ፣ በአምስተኛዋ ስድስት። ሃያዎቹ አረንጓዴ ነጥቦች በጨለማው መካከል ተሟልተው ሲታዩ ትክክለኛው ጊዜ ተገኘ ማለት ነው።

ለዚህ ለሁለተኛው ሥራ በቂ ድምቀት ያላት ማንኛዋም ዶቃ ትሆናለች ለማለት ይቻላል፤ ብዙም አላስጨነቀኝም። ለመጀመሪያው ግን ሦስት አቅራቢዎችን ጠይቄ ናሙና አስመጣሁ። አንደኛዋ በ405 ሌዘር ፊት ደብዛዛ ሆነች። ሁለተኛዋ ውብ ነበረች፤ ነገር ግን የድምቀት ደረጃዎቿ በቀዩ ወገን እርስ በርሳቸው ተደራረቡ። ሦስተኛዋ ባለ ስምንት ደረጃዋ ናት፤ ስምንቱም በሦስቱ ሌዘሮች ተለይተው ታዩ፣ የየደረጃዋም ስርጭት ጠባብ ነው። እርሷን መረጥኩ። ከአንድ ጠርሙስ ይልቅ የአንድ ሎት ቁጥር የሆኑ፣ ማለትም በአንድ ዙር አብረው የተመረቱ፣ አራት ጠርሙሶችን አዘዝኩ፤ ሎት ሲለወጥ ድምቀቱም በጥቂቱ ስለሚለወጥ ለሁለት ዓመት ያህል በአንድ ልክ መቆየት እፈልጋለሁ።

አሁን አሮጌዋንና አዲሷን ዶቃ በየማለዳው አከታትዬ እያስኬድኩ የሁለቱንም ቁጥር በአንድ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ያለፉት ዓመታት ውጤቶች ከሚመጡት ጋር ሊነጻጸሩ የሚችሉት ሁለቱ ዶቃዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሽን ላይ ሲገናኙ ስለሆነ፣ አሥር ቀን እንዲቀጥል ወስኛለሁ፤ ዛሬ ስድስተኛው ነው። ከአሮጌዋ ጠርሙስ የቀረው ጠብታ እስከዚያ እንደሚበቃ ቆጥሬያለሁ። አዲሶቹ አራት ጠርሙሶች በፍሪጁ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ፣ ከበሩም ከውስጠኛው ግድግዳም እኩል ርቀው፣ ከቴርሞሜትሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው 4 ዲግሪ ይል ነበር።