ግማሹ ገንዘብ

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆን በርገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ባለፈው ጀምሬ የተውኩት ሰውዬ። «ጨርሺው» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እሺ።

እ.ኤ.አ. 1972፣ ለንደን። የቡከርን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አሸነፈ። 5,000 ፓውንድ። አዳራሹ ምስጋና ይጠብቃል። እሱ ተነስቶ ሸላሚው ድርጅት ቡከር ከ130 ዓመት በላይ ካሪቢያን ውስጥ መነገዱን አነሳ። የዛሬው የካሪቢያን ድህነት የዚያ ብዝበዛ ውጤት ነው አለ። ከዚያ ግማሹን ገንዘብ ለብሪታንያ ብላክ ፓንተሮች፣ ለጥቁሮች መብት ለሚታገለው ቡድን፣ እሰጣለሁ አለ። አስቡት እስኪ፤ ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች ፊቱ ተቀምጠዋል። ሹካቸውን አስቀመጡ? አጨበጨቡ? እኔ ብሆን አፌን ሞልቼ እናገረው ነበር?

ቡከር እኮ ያው ጋሼ ለሱቁ ዘይትና ሩዝ የሚጭንበት የእንግሊዝ ጅምላ አከፋፋይ ነው። መኪናውን አጭቆ ሲመለስ ታውቁታላችሁ። ድርጅቱን ጆሳያስ ቡከርና ወንድሞቹ በ1835 ሊቨርፑል ላይ አቋቋሙት። ጆሳያስ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1815፣ ደመራራ ሄዶ እርሻ ያስተዳድር ነበር። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ያለችው የዛሬዋ ጉያና ማለት ነው። በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚለፉበት እርሻ። ባርነት ሲቀር መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበ። ለማን? ለባለቤቶቹ! ጆሳያስም ተቀበለ። ለለፉት ሰዎች አምስት ሳንቲም የለም። ይኼን ሳነብ ደሜ ፈላ።

በኋላ የአገሪቱ ስኳር አብዛኛው የቡከር ሆነ። ሰዉ ብሪቲሽ ጉያናን «ቡከርስ ጉያና» እስከማለት ደረሰ። በ1966 ነፃ ወጣች፣ በ1976 ስኳሩን መንግሥት ወረሰው። ድርጅቱ እንግሊዝ ውስጥ በምግብ ጅምላ ንግዱ ቀጠለ። በ2018 የሱፐርማርኬቱ የቴስኮ ሆነ።

ሽልማቱ ደግሞ እንዴት መጣ መሰላችሁ? በጄምስ ቦንድ በኩል! ቡከር የቦንድን ደራሲ የኢያን ፍሌሚንግን የድርሰት ገቢ የሚይዘውን ኩባንያ አብዛኛውን ድርሻ ገዝቶ ነበር። የወንጀል ልብወለድ ደራሲዋ የአጋታ ክሪስቲ ኩባንያም ውስጥ ድርሻ ነበረው። ከመጻሕፍት ብር ካገኛችሁ ለደራሲዎች መልሱ ተባሉ፤ በ1969 ተጀመረ። ስለ ቦንድ ሌላ ጊዜ እንመለስበት፣ አሁን ከገባሁ አልወጣም።

ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ በ2020 ለሽልማቱ የመጨረሻ ዙር ስታልፍ እንዴት እንደጮህኩ ሰምታችኋል። ደስታዬን አልመልስም። ድርጅቱ ስፖንሰርነቱን ካቆመ ያኔ 18 ዓመት አልፎት ነበር። ስሙ ግን አለ። ስም ይቀየር? አንዳንዴ አዎ እላለሁ። ከተቀየረ ግን ደመራራን ማን ያነሳል? እኔ ራሴ በዚያ ስም አይደል የደረስኩበት... እንጃ።

ደግሞ በርገር ለምን ግማሹን ብቻ ሰጠ? ሌላውን ግማሽ ያስቀረው አውሮፓ ውስጥ ስላሉ ስደተኛ ሠራተኞች ለሚጽፈው ሥራ ነው። ይኼም ልክ ይመስለኛል። ወይም... ሁሉንም ቢሰጥ ኖሮ፣ ስለነሱ ማን ይጽፍ ነበር? ግን እኮ የስኳሩ ብር...