ሰላዩን ተዉት፣ ዋጋውን ጠይቁ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

አዘጋጆቹ ስለ ጥሬ ዕቃ ዋጋና ስለ ኢኮኖሚ ስለላ ሃያ ደቂቃ እንድናገር ጋብዘውኛል። ርዕሱ ሰፊ ነው። እኔ ግን የመጣሁት አንድ ቅሬታ ይዤ ነው፤ ቅሬታዬም በእኛው በኢኮኖሚ ዘጋቢዎች ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 የማዕድን አውጪው ኩባንያ የሪዮ ቲንቶ አራት ሠራተኞች ቻይና፣ ሻንጋይ ላይ ሲታሰሩ የነበረውን ግርግር የማያስታውስ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የቢሮው ኃላፊ አውስትራሊያዊ ዜጋ ነበር። መጀመሪያ የተነገረው «የመንግሥት ምስጢር ሰርቀዋል» የሚል ነው። ካንቤራና ቤጂንግ ተፋጠጡ። እኛም ሰላይ፣ ሰላይ፣ ሰላይ እያልን ጻፍን። እኔም ጽፌአለሁ፤ ራሴን ነጻ አላወጣም።

ለመሆኑ ምስጢሩ ምን ነበር? የሚሳኤል ንድፍ አልነበረም። ነገሩ የብረት ማዕድን ነው። በዚያ ዘመን ዋጋው የሚቆረጠው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። ትልልቆቹ ማዕድን ሻጮች ቫሌ፣ ሪዮ ቲንቶና ቢኤችፒ በአንድ ወገን፣ ትልልቆቹ ብረት አምራቾች በሌላው ወገን ይቀመጣሉ፤ ቀድመው የተስማሙት ሁለቱ የቆረጡት ዋጋ ለሌሎቹም መለኪያ ይሆናል። እስኪ ሻጩን አስቡት። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ገዢ ፊቱን ቋጥሮ «እኛ አንቸኩልም» ይለዋል። ሻጩ ግን በገዢው ግቢ የቀረው ክምር ለስንት ቀን እንደሚበቃ በኪሱ ይዞ ቢመጣስ? ድርድሩ ሳይጀመር አለቀ! እ.ኤ.አ. በ2008 ሪዮ ቲንቶ ከቻይናው ብረት አምራች ከባኦስቲል ጋር ሲዋዋል ለደቃቁ ማዕድን ወደ 80 በመቶ፣ ለጓሉ 96.5 በመቶ ጭማሪ አግኝቷል። እንዲህ ያለ ገንዘብ በሚቆረጥበት ክፍል በር ላይ ጆሮውን የማይለጥፍ ማን ነው?

በማርች 2010 ፍርዱ ተሰጠ። የመንግሥት ምስጢር የተባለው ቀርቶ ጉቦና የንግድ ምስጢር ሆነ፤ ኃላፊው 10 ዓመት ተፈረደበት። የንግድ ምስጢሩ ጉዳይ በዝግ ችሎት ነው የታየው፤ የአውስትራሊያ ዲፕሎማቶች እንኳ አልተፈቀደላቸውም። ክሱ መሠረት የለውም ሲል የከረመው ኩባንያም አራቱን አሰናበተ። በዚያው ሳምንት ቢኤችፒ ዓመታዊውን ዋጋ ትቶ ወደ አጭር ጊዜ ውል መዞሩን አስታወቀ፤ ለአሥርት ዓመታት የቆየው ሥርዓት ፈረሰ። ዜናው ይህ ነበር! ለድልድዩ፣ ለመኪናው፣ ለምስማሩ የሚተርፈው ይህ ነበር! ስንቶቻችን የፊት ገጽ ሰጠነው?

አሁን ደግሞ ያኔ ስትቆጣ የነበረችውን አውስትራሊያን እንያት። ጎረቤቷ ትንሿ ደሴታዊት አገር ቲሞር ሌስቴ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ቲሞር ባሕር ነዳጅና ጋዝ ስንደራደር አውስትራሊያ በእርዳታ ሥራ ሽፋን የካቢኔ ጽሕፈት ቤቴ ውስጥ ማዳመጫ ቀብራብኛለች ብላ በ2013 ሄግ ድረስ ሄደች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የአውስትራሊያ የደህንነት ሰዎች የቲሞርን ጠበቃ ቢሮ በርብረው ሰነድ ወሰዱ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሰነዱ ታሽጎ ይቀመጥ ብሎ አዘዘ። በኋላ ችሎት ፊት የቆመው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፦ ነገሩን ያጋለጠው የቀድሞ የስለላ ባልደረባና ያው ጠበቃ! ሌባ እናት ልጇን አታምንም የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እኛ ግን የሻንጋዩን ስለላ፣ በቲሞር ዋና ከተማ በዲሊ የሆነውን «የዲፕሎማሲ አለመግባባት» ብለን አለፍን።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 በአምስት የቻይና መኮንኖች ላይ የመሠረተችውን ክስም ላነሣ አስቤ ነበር፤ የአሜሪካ ብረትና አሉሚኒየም አምራቾቹ ዩኤስ ስቲልና አልኮዋ ክሱ ተሰለሉ ካላቸው መካከል ናቸው። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ስለሆነ እተወዋለሁ።

የኒኬሉን ብቻ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2022 ለንደን ላይ የአንድ ቶን ኒኬል ዋጋ ከ100,000 ዶላር አለፈ፤ የብረታ ብረት ገበያውም የዕለቱን ግብይት ሰረዘ። ዋጋ ይወርዳል ብሎ የተወራረደው ወገን የያዘው ውል አብዛኛው ከገበያው ውጭ፣ ከገበያው ዓይን ተሰውሮ በባንኮች መዝገብ ውስጥ ነበር። የተያዘ ሰላይ አልነበረም፤ የተጠራ አምባሳደርም አልነበረም። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ከገጾቻችን ጠፋ።

አመሰግናለሁ።