ተጎታች ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፦ እጃችሁን ሶኬቱ ላይ አድርጉ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስፒና፣ በጣም ከቅርብ የተነሣ]

ይህ ስፒና የእኔ ነው። በአንደኛው እግሩ ሥር ያለውን ፕላስቲክ ተመልከቱት። አርሮ እንደቀረ ሽንኩርት ጠቁሯል፤ ጠርዙም ቀልጦ ተኮራምቷል። ማሞቂያው ራሱ ምንም አልሆነም። ፍሰቱ ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው ብሬከርም አልወረደም። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ሽታው ነው፤ የተበላሸ ዓሣ የሚመስል ሽታ። ጊዜው ጥቅምት፣ ቦታው የኮሎራዶ ተራራ ነበር። ያገለገለ ተጎታች ቤት፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤት፣ ገዝቼ ከአውሮራ ከተማ ይዤው የወጣሁበት የመጀመሪያ ሌሊት ነው። ማሞቂያውን አብርቼ መተኛቴ የእኔ ጥፋት ነበር፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

[ምስል፦ ከማሞቂያው ጀርባ ያለው መግለጫ]

አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጡ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያዎች አብዛኞቹ በከፍተኛው ደረጃ 1,500 ዋት ይወስዳሉ። ርካሹም ውዱም፣ ዘይት ያለበትም ማራገቢያ ያለውም፣ 1,500 ዋት ከወሰደ የሚሰጠው ሙቀት እኩል ነው። ሻጩ ሌላ ነገር ቢነግራችሁ አትስሙት። ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ፣ ከመጠን በላይ ሲግልም የሚቆም መሆኑ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። እዚህ የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ነው። 1,500ን ለ120 ስናካፍል 12.5 አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሰት እናገኛለን። አገር ቤት፣ በ220 ቮልት፣ ያው ሙቀት ከ7 አምፔር በታች ነው የሚጠይቀው። አዲስ አበባ የክረምቱን ብርድ በማሞቂያ ያሳለፈ ሰው እዚህ የተገዛ ተመሳሳይ ማሞቂያ ሲሰካ፣ በሽቦው ውስጥ እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው የኤሌክትሪክ ፍሰት እየሄደ መሆኑን ልብ አይልም። እኔም አላልኩም።

የተጎታች ቤቱ ዋና ገመድ ብዙውን ጊዜ ባለ 30 አምፔር ነው። ማሞቂያው 12.5 ወሰደ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ካላችሁ ወደ 12 ይጨምራል። በዚያ ላይ ማይክሮዌቭ ስትከፍቱ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሶኬት ላይ የተሰካውም ሁሉ ይቆማል። ያናድዳል እንጂ አያስፈራም፤ ብሬከሩ ሥራውን ሠርቷል። የሚያስፈራው ብሬከሩ የማያየው ነገር ነው።

[ምስል፦ የሶኬቱ ሽፋን በካቻቢቴ ሲፈታ። በማያ ገጹ ላይ ጽሑፍ፦ «ተጎታች ቤቱ ከመብራት ሙሉ በሙሉ ተነቅሏል»]

ይህ ሶኬት ከውጭ ሲታይ ከመኖሪያ ቤት ሶኬት አይለይም። ከኋላው ግን ብዙ ተጎታች ቤቶች ውስጥ የብረት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን የለም፤ ሽቦውም በብሎን አልታሰረም። በሁለት ትናንሽ ስለቶች መካከል ተጭኖ ገብቷል፣ ስለቱም የሽቦውን ሽፋን ቀዶ መዳቡን ነክቷል። በዚያ ላይ ሽቦው ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው እየተቀጠለ ነው የሚሄደው። ለስልክ ቻርጀር ይበቃል። ነገር ግን ይህ ቤት በየመንገዱ ጉድጓድ ሲንገጫገጭ ይኖራል፤ ከጊዜ በኋላ መጋጠሚያው ይላላል።

የላላ መጋጠሚያ ይሞቃል። የሚሞቀውም በፍሰቱ ልክ ሳይሆን ፍሰቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። መጋጠሚያው ሩብ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው፣ 12.5 አምፔር ሲያልፍበት 39 ዋት ያህል ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይፈጠራል። የድሮውን ባለ 40 ዋት አምፖል አስቡት፤ ሲበራ በእጅ አይነካም ነበር። ያንን አምፖል ከስስ የእንጨት ግድግዳ ጀርባ፣ ከፕላስቲክ ጋር አጣብቃችሁ ሌሊቱን ሙሉ አበራችሁት ማለት ነው። ብሬከሩ ደግሞ የሚለካው ፍሰትን ነው። ፍሰቱ አልጨመረም፤ ስለዚህ ዝም ይላል።

ከዚሁ ሒሳብ የሚወጣ ጥሩ ነገርም አለ። ማሞቂያውን ወደ ዝቅተኛው ደረጃ፣ ወደ 750 ዋት ብታወርዱት ፍሰቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በመጋጠሚያው ላይ ያለው ሙቀት ግን ወደ ሩብ፣ ማለትም ወደ 10 ዋት ይወርዳል። እኔ ዛሬ ከፍተኛውን ደረጃ የምጠቀመው ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ለሰዓታት በሚቆይ ጭነት ላይ ከአንድ መስመር አቅም 80 ከመቶውን አለማለፍ የተለመደ ደንብ ነው፤ ባለ 15 አምፔር መስመር ላይ ይህ 12 አምፔር ነው። ማሞቂያው ብቻውን ያልፈዋል።

[ምስል፦ እጅ ስፒናውን ሲዳስስ]

ማሞቂያውን ካበራችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጃችሁን ስፒናውና የሶኬቱ ሽፋን ላይ አሳርፉ። ለብ ቢል ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ስፒናው ሲገባ ልል ከሆነ አጥፉና ንቀሉት፤ ያ ሶኬት ሳይቀየር ማሞቂያ አይሰካበትም። ውጭ ወጥታችሁ ዋናው ገመድ ከካምፑ የመብራት ሳጥን ጋር የሚገናኝበትንም ዳስሱ። ብዙ ሰው የሰካበትና የነቀለበት ሶኬት ነውና እሱም ይላላል።

ኤክስቴንሽን ወይም ማከፋፈያ መሀል አይግባ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ገመድ ተጨማሪ መጋጠሚያ ነው።

ከማሞቂያው ዙሪያ 3 ጫማ፣ አንድ ሜትር ገደማ ባዶ ይሁን ይባላል። የተጎታች ቤት ወርድ ከ8 ጫማ ተኩል ስለማይበልጥ ይህን መፈጸም ቀላል አይደለም። አልጋው፣ መጋረጃው፣ ወንበር ላይ የተጣለው ጋቢ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። እኔ መተላለፊያው ወለል ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ በእኔና በበሩ መካከል ግን በፍጹም አላደርገውም።

እንቅልፍ ሲመጣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ይጠፋል። ሌሊቱን የሚያሞቀው ከተጎታች ቤቱ ጋር አብሮ የተሠራው የፕሮፔን ጋዝ ማሞቂያ ነው። እሱን ለመተው ጋዝ መቆጠብ ምክንያት አይሆንም፤ ብዙ ተጎታች ቤቶች ውስጥ ሙቅ አየሩ ወለሉ ሥር ወዳሉት የውኃ ቧንቧዎችም ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ክፍሉን ካሞቀው፣ ሙቀቱን እየለካ የጋዙን ማሞቂያ የሚያስነሣው ቴርሞስታት ብርዱ ያለፈ ይመስለዋል፣ የጋዙም ማሞቂያ አይነሣም። እናንተ ሞቋችሁ ስትነሡ ቧንቧው በረዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የእኔን ቤት ባለሙያ አስተካክሎታል። ለማሞቂያው ብቻ የሚሆን፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከርና ወፍራም ሽቦ ያለው፣ በሳጥን ውስጥ በብሎን የታሰረ ሶኬት አስገባልኝ።

[ምስል፦ ቀይ እጀታ ያለው መስኮት]

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህ መስኮት የአደጋ መውጫ ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያውን ስትሞክሩ እሱንም ክፈቱት። የእኔ ጎማው ከክፈፉ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሳንቸኩል፣ ለሁለት ሆነን ነው የከፈትነው።